ስልክ የሚያነሳ ሰው

ንዋይ የታናሽ እህቴ የሊዲያ ባል ነው። ይህን የምለው እንድታውቁት ብዬ እንጂ ኮርቼበት አይደለም። እሷ ሆስፒታል ደብል ሺፍት እየሠራች እዚህ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ያለውን ቤት ትከፍላለች፤ እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሥራ ይፈጥራል። መጀመሪያ የጭነት መኪና ሊገዛ ነበር። ቀጥሎ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሊከፍት ነበር። አምና ደግሞ ሁለት ቅዳሜ በዙም ሠለጠነና "የክሪፕቶ አማካሪ" የሚል ቢዝነስ ካርድ አሳተመ። የወረቀት ካርድ! ወረቀት ሊቀር ነው፣ ባንክም ሊቀር ነው እያለ ወረቀት የሚያሳትም ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እኔ ባየሽ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የመዘምራን ልብስ እሰፋለሁ። ድሮ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን ቤት እሠራ ነበር፤ ሰው ሳነሳ ሳስተኛ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ለቅቄ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ጉራ አይሁንብኝ እንጂ፣ ከፈለጋችሁም ጉራ ይሁንብኝ፣ በዚህ አገር እንደኔ እጅጌ የሚገጥም የለም። ዘማሪ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ልብሱ ተከትሎት እስከ ጉልበቱ የሚወጣ ከሆነ የሰፋው ሰው ይፈር።

የአገሩ ገዢ ግን ጠፋ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፈለች። ለምን ብትሉ፣ ግማሹ ፍሪድሊ ሕንፃ እንግዛ አለ፣ ግማሹ እዚሁ ተከራይተን እንቆይ አለ። በቃ ይኸው ነው! ለዚህ ሲባል ሰው ከሰው ጋር ሰላምታ አቆመ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ ኳየሩ፣ መዘምራኑ በሙሉ ከመሪያቸው ከፀሎት ጋር ወደ ፍሪድሊ ነጎደ። ልብሳቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነበርኩ፤ ከተለያየን በኋላ ግን በኢንተርኔት ከቻይና አዘዙ። በዩቲዩብ አይቻቸዋለሁ። የቆሻሻ ላስቲክ የመሰለ ነገር ለብሰው "ሃሌ ሉያ" ይላሉ። ፀሎትን ግሮሰሪ ውስጥ ካየኋት ጋሪዬን አዙሬ በሌላ መደዳ እሄዳለሁ፤ እሷም እንደዚያው ነች።

ስለዚህ ዓይኔ ወደ ውጭ ሄደ። ቤይሩት፣ ጆሃንስበርግ፣ ዱባይ፣ የትም የኛ ሰው ካለ ኳየር አለ። ፎቶ አይተው ይጽፉልኛል፣ ይወዳሉ፣ ከዚያ መክፈያው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ባንክ የት አላት? ካርድ የት አላት? ያላት ስልኳ ላይ የያዘችው ዲጂታል ዶላር ነው፤ ለእናቷም የምትልከው በእሱ ነው። ንዋይ ይህን ሲሰማ ከሶፋው ተነሳ። መነሳቱ ራሱ ጉድ ነው።

"እትዬ ባየሽ፣ ዌብሳይትሽ ላይ የክሪፕቶ፣ የዚህ ዲጂታል ዶላር መክፈያ ልግጠምልሽ። ዓለም በሙሉ ደንበኛሽ ይሆናል!"

"ዓለም በሙሉ ኳየር ውስጥ ነው እንዴ?" አልኩት።

ግን እሺ አልኩ። ምርጫ አልነበረኝም። የክፍሉ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልሽ ልቀቂ ብሎኛል። ከለቀቅሁ የስፌት መኪኖቼ እህቴ ቤት ቤዝመንት ይወርዳሉ፣ እኔም ተከትዬ እወርዳለሁ፤ ቀን ቀን ነርሲንግ ሆም፣ ማታ ማታ ከንዋይ ሶፋ ሥር። ከዚያስ ሞት ይሻለኛል።

ገንዘቡ የሚገባበትን ቋት ዋሌት ይሉታል። ንዋይ በስልኩ ከፈተውና እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዳኝ ጀመረ። "እባክህ ተወኝ፤ ይህን ቆሻሻ ራስህ ያዘው። ገንዘብ ሲገባ ብቻ ንገረኝ" አልኩት። ደስ ብሎት ያዘው።

ማንም አልከፈለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልግም። በካርድ ብትታለል ባንክህ ጋ ሄደህ ትጮሃለህ፣ ገንዘብህ ይመለሳል። ይሄኛው አንዴ ከላክኸው ሄደ ነው፤ የምትጮህበት ደጅ የለም። ለማላውቃት ሴት እንዲህ ያለ ገንዘብ እኔ ራሴ አልልክም። ንዋይ ግን ካሰበ፣ ካሰበ በኋላ "ችግሩ ትረስት ነው፣ መተማመን" አለኝ፣ አዲስ ነገር እንደነገረኝ ሁሉ። "ግድ የለሽም፣ ትረስት እሠራልሻለሁ።" እንቁላል ልጥበስልሽ ያለኝ ነው የመሰለኝ። ምን እንደሚሠራም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ምሥጋና ደወለች።

"እህት ባየሽ፣ ጌታ ይባርክዎት። ምሥጋና እባላለሁ፤ ቤይሩት ያለነው ኳየር መሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ነን። የምሥረታ በዓላችን እየደረሰ ነው፤ ልብስዎን አይተን ሁላችንም ወደድነው።"

ስለ ገበሩ ጠየቀችኝ። ስለ እጅጌው ስፋት ጠየቀችኝ። አንገትጌው ሲታጠብ ይጨማደዳል ወይ አለችኝ። የምትጠይቀውን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ወደድኳት፤ እኔ ደግሞ ሰው ቶሎ አልወድም። ሃያ ሁለት ልብስ ማለት ኪራዬ ተከፈለ፣ ቤዝመንቱ ቀረ ማለት ነው። ልቤ ሞቅ ሲል እንዲህ አለችኝ፦

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። ማን ያውቅዎታል?"

ደሜ ፈላ። "ማን ያውቀኛል? እግዚአብሔር ያውቀኛል!"

"እሱማ ሁላችንንም ያውቃል፣ እህቴ። ስልክ የሚያነሳ ሰው ይንገሩኝ።"

ምን ትሏታላችሁ? አምና ለኪቦርድ ገንዘብ አዋጥተው በዚሁ በክሪፕቶ ለአንድ ሰው እንደላኩ፣ ሰውየው በዚያው ስልኩን እንደዘጋ ነገረችኝ። "የኔ ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር፤ የልጆቹ ነው። የሰው መጸዳጃ ቤት አጥበው ያመጡት ነው። ዳግመኛ ከተበላን ኳየሩ ይበተናል" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀለል አለ። "ግን አይጨነቁ። ዌብሳይትዎ ላይ የመሰከሩልዎት የኳየር መሪ አሉ አይደል፣ እዚያው ሚኒሶታ? ፀሎት የሚባሉ። እዚህ የአንዲት ልጅ የአክስት ልጅ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው የምታመልከው፤ ቁጥራቸውን አገኘን። እሑድ እደውልላቸዋለሁ።"

ዌብሳይቴን ከፈትኩ። እላዩ ላይ "የተረጋገጠ ነጋዴ" የሚል አረንጓዴ ማህተም አለ፤ ያረጋገጠው ንዋይ። ከሥሩ አምስት ኮከብ፣ ከኮከቡ ሥር ይህ ጽሑፍ፦ "የፍሪድሊ ኳየራችን እህት ባየሽ የሰፋችልንን ልብስ ለብሶ ያመልካል። ታማኝ፣ ትሑት፣ ቃሏን የምትጠብቅ እህት ናት። ፀሎት፣ የኳየር መሪ።"

ትሑት! ይዋሽ፣ ግን እኔን የምትመስል አንዲት ቃል እንኳ ይጨምርበት እንጂ።

"ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ እትዬ" አለኝ ስደውልለት። ድምፁ ውስጥ እፍረት የሚባል ነገር የለም። "ውሸት አይባልም፣ ሶሻል ፕሩፍ፣ የሰው ምስክርነት ነው የሚባለው።"

"ፀሎትን ከየት አመጣሃት?"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ፌስቡክ። ፊቷ እምነት ይሰጣል።"

"አንተ ዓይንህን ላፈር! ፈረንጅ ስሙን አንብቦ ያልፋል። የኛ ሰው የሐበሻ ስም ሲያይ የማን ልጅ ናት ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ደንበኛዬ ቤይሩት ሆና በአንድ ቀን የፀሎትን ቁጥር አገኘች! ያቺ ሴትዮ ደግሞ ቻይና የሰፋውን ለብሳ በየእሑዱ ዩቲዩብ ላይ ትታያለች!"

"ታዲያ ደውለሽ አትጠይቂያትም? እንድትተባበርሽ" አለኝ። ዘጋሁበት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቃል ማባከን ነው።

ጽሑፉን ቢያጠፋው ምን ሊጠቅም? ምሥጋና አንብባዋለች። ፀሎት "አላውቅም" ካለች እኔ የኪቦርዱ ሰውዬ እህት ነኝ፤ ወሬው ደግሞ ቤይሩት አይቀርም፣ ዱባይም ጆሃንስበርግም ይደርሳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ሪችፊልድ፣ ወደ ፀሎት አፓርታማ ድራይቭ አደረግሁ። ምን እንደምላት አላውቅም። እንዳትመሰክርብኝ ልለምናት? እኔ? ፀሎትን? መንገዱን ሁሉ ከንፈሬን እየነከስኩ ነው የሄድኩት።

በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። "ባየሽ? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ግቢ እንግዲያው።"

ገባሁ። ሶፋው የመጣበት ፕላስቲክ እስካሁን አልወለቀም። ያ የቻይና ልብስ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሳላስበው እጄን ሰድጄ እጅጌውን ገለበጥኩት። ክሩ ተመዞ ወጥቷል። ፀሎት አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ውሃ አመጣችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች እስክናገር ጠበቀች። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። በዚህች ሴት ፊት አንገቴን መድፋት እንዴት እንደከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሁለተኛ ልሞክር ስል ስልኳ ጮኸ። እጇ ስለተያዘባት ስፒከር ላይ አደረገችው።

"እህት ፀሎት፣ ይቅርታ፣ አያውቁኝም። ከቤይሩት ነው፣ ምሥጋና እባላለሁ።"

ወይ ጉድ! አንድ ሰዓት ቀድሜ ብመጣ ምን ነበረበት?

ምሥጋና ነገሩን አስረዳች። "ዌብሳይቷ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይ?" ብላ ጠየቀች።

ፀሎት ማጠፏን ትታ አየችኝ። "እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ" አለች።

ምሥጋና አነበበች። "ትሑት" የሚለው ላይ ስትደርስ የፀሎት ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እኔ አልጻፍኩትም" አለች ፀሎት። "የምንለብሰውም የእሷን አይደለም። ውሸት ነው።"

"እንግዲያው ሌባ ናት" አለች ምሥጋና። "ተመስገን፣ እንኳን አልላክን።"

ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ። ፀሎት በእጇ ቁጭ በይ አለችኝ። ለምን እንደታዘዝኳት አላውቅም፣ ቁጭ አልኩ።

"ማ? ባየሽ ሌባ?" አለችና ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። "ስሚኝ ልጄ። ባየሽን ድሮ ነው የማውቃት። ሰው ትንቃለች። እኔን ትንቀኛለች፣ ቤቴን ትንቃለች፣ የለበስኩትን ትንቃለች። ቤተ ክርስቲያን ከተከፈለ ወዲህ ሰላም ተባብለን አናውቅም፣ ወደፊትም የምንባባል አይመስለኝም። ግን ሌባ ሰው ያባብላል። እሷ ማባበል የት ታውቅና! አንድ ጊዜ ልብሳችንን ሰፍታ፣ ወደነው፣ ከፍለን ለብሰነው ስንዘምር አንገትጌው ጠሞ ታያት። እኛ አላየነውም፣ ጉባኤውም አላየውም። ከሁላችንም ላይ አስወልቃ ወስዳ እንደገና ሠራችው። ሳንቲም አልጠየቀችንም፤ ይልቅ ዓይን የላችሁም ብላ ሰደበችን። ይህንን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እሷ ብትሆን ትሑት ነኝ አትልም ነበር።"

ስድብ ነው፣ ሙገሳ ነው፣ ምን ብዬ እንደምይዘው ጠፋኝ።

"ታዲያ እንላክ ይላሉ?"

"ላኩ።"

"ዋስ ይሆኗታል?"

ፀሎት አላመነታችም። "እሆናታለሁ። ከበላችባችሁ ከእኔ ትወስዳላችሁ።"

ምሥጋና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። "በቃ፣ ልጆቹም አጠገቤ ናቸው። አሁኑኑ ልላከው።"

ይሄኔ ነው የንዋይ ስልክ ትዝ ያለኝ። ገንዘቡ የሚገባው እዚያ ነው። የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው፤ ትሑት ብላ የጻፈችው ጣት ናት የምትከፍተው። እህቴ በሌሊት ሠርታ ያመጣችውን በቀን የሚያጠፋ ሰው! ቆሻሻ ብዬ ልማረው ያልፈለግሁት ነገር እሱ እጅ ነው ያለው፤ ፀሎት ደግሞ ዋስ የሆነችው ለእኔ እጅ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ምናልባት ንዋይም አይነካው ይሆናል። ኪራዩ ይከፈላል። ምናልባት!

"አትላኪ!" ብዬ ጮህኩ።

"ማናቸው?" አለች ምሥጋና ደንግጣ።

"እሷ ናት" አለች ፀሎት።

"ዋሌቱ እኔ ጋ አይደለም" አልኩ። "የሚከፍተው የእህቴ ባል ነው። ያንን ውሸት የጻፈውም እሱ ነው። እኔ ራሴ እስክደውልልሽ አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ።"

ከወዲያ በኩል ልጆቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ምሥጋና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። "ታዲያ እህት ባየሽ፣ የራስዎን ገንዘብ ለምን በማያምኑት ሰው እጅ ተዉት?"

"ስለናቅኩት" አልኳት። "ሰውየውንም፣ ነገሩንም። ልማረው አልፈለግሁም።"

ስልኩ ሲዘጋ ፀሎት ወደ ልብስ ማጠፏ ተመለሰች። "ዋስ የሆንኩት ለአንቺ ነው፣ ለእሱ አይደለም" አለችኝ ቀና ሳትል። "ሂጂና አስተካክዪ።"

ከሪችፊልድ ቀጥታ ብሩክሊን ፓርክ ሄድኩ። ንዋይ ተጋድሟል። ለራሴ ስልክ የራሴን ዋሌት ክፈትልኝና ዌብሳይቱ ላይ የአንተን አንስተህ የእኔን አድርግ ስለው "ውስብስብ ነው እትዬ፣ ሴኩሪቲ አለው፣ አንቺ ትሳሳቺና ይጠፋብሻል" አለኝ። ሊዲያ ለሥራ ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። እህቴ ባሏን ሰው ፊት ተናግራው አታውቅም። "ንዋይ፣ ተነሥና ሥራላት" አለችው። ተነሣ። አንድ እጅጌ ጠርዙን አጥፌ የምሰፋበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ይሄን ነው ሁለት ቅዳሜ የሠለጠነው! ማህተሙን አስጠፋሁት፣ ኮከቦቹን አስጠፋሁት። ሰባት "ታማኝ ደንበኞች" ነበሩኝ፣ ሰባቱም እዚያ ሶፋ ላይ የተወለዱ። "ገጹ ባዶ ሆነ እኮ" አለኝ። ባዶ ይሁን አልኩት።

ምሥጋና መጀመሪያ አንድ ዶላር ብቻ ላከች። "ደረሰ?" አለችኝ። "ደረሰ" አልኳት። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ላከችው። ኪራዬን ከፈልኩ። ሃያ ሁለቱንም ልብስ በገዛ እጄ ቆርጬ ሰፋሁ። የበዓላቸው ዕለት ቪዲዮ ላኩልኝ፤ ልጆቹ እጃቸውን ሲያነሱ አንዱም እጅጌ ንቅንቅ አላለም። ደጋግሜ አየሁት። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከተረፈው ጨርቅ ለፀሎት አንድ ልብስ ሰፋሁላት። ልኳን ሳልጠይቅ፣ በዓይኔ። አጣጥፌ፣ በጥሩ ከረጢት አድርጌ ሪችፊልድ ሄድኩ። በሩን ጥቂት ብቻ ከፈተችው።

"ልብሱ ደረሳቸው?" አለችኝ።

"ደርሷቸዋል።"

"ገንዘቡስ ገባልሽ?"

"ገብቷል። ፀሎት፣ ይህንን..."

"እሰይ" አለች። "እንግዲህ ዋስነቴ አለቀ።"

ከረጢቱን አየችው፣ እጇን ግን አልዘረጋችም። "ልብስ አለኝ" አለች፤ በሩን ዘጋችው። በሩን ወርውራ ዘግታው ቢሆን ተናድዳለች ብዬ እጽናና ነበር። ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳይሰማ ነው የዘጋችው፤ ከደጇ ላይ ማንም እንዳልነበረ። ስንት ሰው ላይ እንዲህ አድርጌ ዘግቻለሁ፤ ከውጭ በኩል ቆሜ ግን አላውቅም ነበር። ያማል። ከረጢቱን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ ተመልሼ ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ፈራሁ።